ለሰማንያ ቀን የተሠራ መስቀል

አንድ ጠገራ ብር ክብደቱ 28 ግራም ነው፤ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በአንድ በኩል የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው በኩል ሁለት ራስ ያለው ንስር አለበት። የተጻፈበት ዓመት ሁልጊዜ እንደ ፈረንጆቹ 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያ ዓመት ስለሆነ ከሞቷ በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ቀረ። አያቶቻችን በሬ የሸጡበት፣ ጥሎሽ የቆጠሩበት ገንዘብ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከገበያ ወጣ፤ ከቤት ግን አልወጣም። እናቶች አስበስተው አንገታቸው ላይ አደረጉት። ብር ሠሪዎችም እያቀለጡ መስቀል፣ አልቦ፣ ድሪ አወጡበት። ከአያት ከቅድመ አያት የወረስናቸው የብር መስቀሎች ብዙዎቹ የዚህ ገንዘብ ልጆች ናቸው።

ከጥቂት ወራት በፊት ከአጥር ማዶ አንዱ ጠገራ ቀልጦ መስቀል ሲሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ አልፈታ ብሎት ጓሮ ውስጥ ብረት የሚቀጠቅጥ ባል፣ አባት ወይም አጎት ያላችሁ አንባቢዎቼ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ፤ ወጋችን ዛሬ የእናንተ ነው።

ጎረቤቴ መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ሲስተር» ይሉኛል። ከማድ ቤቱ ጎን ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ሞርሳ ተክለውባት፣ ሴጌቶና ትራፓኖ ሰቅለውባት፣ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ መስፍ አድርገውባት ቀኑን እዚያ ይውላሉ። የበር ማጠፊያ ይሠራሉ፤ የሠፈሩን የከሰል ምድጃ ይጠግናሉ። ድሮ ቢሆን ለዚህ ሙያ የሚሰጠው ስም ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው እንኳ ስድቡ ቶሎ አልጠፋም። ዛሬ የሠፈራችን ሰው ሁሉ ጋሼ ደጅ የተሰበረ ነገር ይዞ ይሰለፋል።

ሴት ልጃቸው ለመታረስ እናቷ ቤት መጣች፤ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ሆነች። የክርስትና እናት እንድሆን ጠየቁኝ፤ እሺ አልኩ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነውና ጋሼ ጊዜ አላቸው። ከእናታቸው የወረሱትን ጠገራ ብር አቅልጠው በገዛ እጃቸው ለልጅ ልጃቸው መስቀል ሊሠሩ ተነሱ።

አራሷ ግን አልወደደችላቸውም። «አባዬ፣ የእማማን ብር አታጥፋብኝ» አለች። እሳቸውም «ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ለማን ነው? አንገት ላይ ይሁን እንጂ» አሉ። እኔ ሳልጠየቅ ለጋሼ ፈረድኩ። ቅርስ ነው ብለን የቆለፍንበት ስንቱ ዕቃ ነው የሌባ ሲሳይ የሆነው።

ወደ ነገሩ በደንብ የገባሁት ግን በአንድ ሌሊት ነው። ባለቤታቸው አጥሩን እያንኳኩ «ሲስተር፣ እባክሽ ተነሺ፣ ሰውዬውን ወባ ያዘው መሰለኝ» ሲሉ ሰማሁ። ሄጄ ሳያቸው ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ፤ ትኩሳት አላቸው፤ ደረታቸውን ጨምድዷቸዋል፤ ደረቅ ሳል ያስላቸዋል። ከአዲስ አበባ የወጡት መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከገና ወዲህ አልወጡም። አፋቸው ምን ምን እንደሚል ስጠይቃቸው «ሳንቲም የላስኩ ይመስለኛል» አሉኝ። ይህን ስሰማ ወባውን ተውኩትና «ዛሬ ምን ሲያቀልጡ ዋሉ?» አልኳቸው።

ለካ ጠገራውን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ሊፈትኑ አንድ አሮጌ የነሐስ ቧንቧ ቁልፍ አቅልጠዋል፤ በሩን ዘግተው፣ ነፋስ እሳቱን እንዳይበትንባቸው።

ነሐስ መዳብና ዚንክ ነው። ነሐሱን ለማቅለጥ 900 ዲግሪ አካባቢ ያስፈልጋል፤ ዚንክ ደግሞ በ907 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ ነሐሱ በቀለጠ ጊዜ ዚንኩ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ አየር ሲያገኘው እንደ ጥጥ ብናኝ ነጭ ይሆናል። ያንን የሳበ ሰው በሰዓቱ ምንም አይሰማውም። ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ቆይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ጡንቻውን ይቆረጥመዋል፤ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። በሥራ ዘመኔ ዚንክ የተቀባ ቱቦ የሚበይዱ ልጆች እንዲህ ሆነው ሲመጡ አይቻለሁ። የሚመጡት ሰኞ ማታ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት ተሽሏቸው ይገኛሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ሰውነት ይለምደዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ሲያርፉ ልምዱ ይጠፋና ሰኞ እንደ አዲስ ይጥላቸዋል። ደማቸው ሲመረመር ወባ አይገኝበትም። ወተት ጠጣሁበት የሚሉም ብዙ ናቸው። ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው፤ አይገናኙም።

ይህ ትኩሳት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ነገር ግን በማግስቱ ትንፋሽ እያጠረ፣ ሳሉ እየባሰ ከሄደ ቤት መቆየት አይገባም። አንዳንድ የብር ብየዳ ካድሚየም የሚባል ብረት አለበት። ጭሱ አጀማመሩ ልክ የዚንኩን ይመስላል፤ አጨራረሱ ግን ሳንባ አቃጥሎ ሰው ሊገድል ይችላል። ብየዳ የምትገዙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ካድሚየም የሌለው መሆኑን አንብቡ፤ ማሸጊያ የሌለውን አትግዙ። ጋሼ ሌሊቱን በውሃና በዕረፍት አሳለፉ፤ በማግስቱ ሐኪም ደረታቸውን አዳመጠላቸው፤ ደህና ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ሁለታችን ውል የያዝነው። መስቀሉ ይሠራል፤ እኔም እመጣለሁ፤ ግን ለአራሷና ለሕፃኗ የማይሆን ነገር በዚያ ግቢ አይነድም።

መጀመሪያ እሳቱን ከክፍሉ አወጣነው። ሰርቪሷ ከማድ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ነው ያላት፤ የአራሷ ገንፎና አጥሚት ከግድግዳው ማዶ ነው የሚሠራው። የከሰል ጢስ መርዝ ሽታ እንደሌለው፣ በዘጋ ቤት የተኛን ቤተሰብ በአንድ ሌሊት እንደሚጨርስ ይህ ገጽ ደጋግሞ ጽፏል፤ አልደግመውም። ከጓሮው ዳር ባለችው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ምድጃቸውን ተከሉ። የሥራ ልብስና ጫማም እዚያው ቀረ። ጋሼ የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ ገብተው ሕፃኗን የማቀፍ ልማድ ነበራቸው። ያንን ለማስቆም ከሁሉ የበለጠ የታገልኩት እኔ ሳልሆን ባለቤታቸው ናቸው፤ መጥረጊያ ይዘው በር ላይ ቆሙ።

ትልቁ ክርክራችን የተነሳው በመስቀሉ አናት ምክንያት ነው። መስቀል ማተብ የሚገባበት ቀለበት ይፈልጋል። ጋሼ ቀለበቱን ሬዲዮ በሚጠግኑበት የብየዳ ሽቦ ሊያጣብቁት አሰቡ። ቶሎ ይቀልጣል፤ አያስቸግርም። ያ ሽቦ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 40 እጁ እርሳስ ነው።

(በቋንቋችን የመጻፊያውም ስም እርሳስ መሆኑ ሰውን ያሳስታል። ልጅ የሚጽፍበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው፤ ቢነክሰው አይመረዝም። እኔ የምለው ብረቱን እርሳስ ነው፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን።)

ጋሼ ሳቁብኝ። «እኛ እርሳስ በጥርሳችን እየነከስን ነው ያደግነው፤ ይኸው ሰባ ዓመት አልፎኛል» አሉ። እርሳስ ግን ትልቅና ትንሽ ይለያል። አንድ ሕፃን ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ ደሙ የሚገባው ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ነው። አእምሮው ገና በመሠራት ላይ ነውና ጉዳቱም እዚያ ነው የሚያርፈው፤ ትምህርት አይገባውም፤ ቁጡ ይሆናል፤ ደም ያንሰዋል፤ ሆዱ ይደርቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያደርስም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ከእናትየውም አጥንት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቀመጥና በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ከካልሲየሙ ጋር እየወጣ ወደ ልጁ ይሄዳል።

ይህም አላሳመናቸውም። ያሳመናቸው ሌላ ወሬ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2006 በአሜሪካ ሚኒሶታ የ4 ዓመት ልጅ ሞተ። ጫማ ሲገዛ በስጦታ ከሚሰጥ አምባር ላይ የተንጠለጠለች የልብ ቅርጽ ያላት ትንሽ ጌጥ ውጦ ነበር። ጌጧ ስትመረመር ከመቶ 99 እጇ እርሳስ ሆነች። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ሲያዩት የሆድ በሽታ መስሏቸው ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ስጦታ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። የብየዳ ሽቦውን ጠቅልለው የሬዲዮ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ብየዳ ከሌለ ቀለበቱ እንዴት ይያዝ? መልሱን ያመጡት እሳቸው ናቸው። የመስቀሉ አናት ላይ እንደ ምላስ ረዘም ያለ ቅጥያ ተዉና ቀጥቅጠው አሳስተው ወደ ኋላ ጠቀለሉት። ከራሱ ከብሩ የወጣ ቀለበት ሆነ። ብየዳ የሚባል ነገር የለበትም፤ አይለቅም፤ አይዝግም። እንደ እኔ ከሆነ መልኩም ከተበየደው ያምራል።

ወደ ማቅለጡ ልምጣ። ጠገራውን እሳት ከማስገባታችሁ በፊት ጠገራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሐሰተኛው ብዙ ነው፤ በውስጡ ምን እንዳለም አይታወቅም። ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት፤ 28 ግራም አካባቢ ካልመጣ ጠርጥሩ፤ ካረጀና ከተበሳ ግን ትንሽ ሊጎድል ይችላል። ማግኔት አይስበውም። ጠርዙን ዞር እያደረጋችሁ እዩት፤ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» እንደማለት ያለ ጽሑፍ ከፍ ብሎ ተቀርጾበታል፤ አስመስለው የሚሠሩት እዚያ ላይ ነው የሚሰንፉት። እውነተኛው ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ለቆዳ ጥሩ ቅይጥ ነው። በገበያ «የጀርመን ብር» የሚባለው ደግሞ ስሙ ብር ይባል እንጂ የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ ነው፤ ብር የሚባል የለበትም። ኒኬል ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው፣ አንገታቸውንና ጆሯቸውን የሚያቆስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ጋሼ ጠገራውን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ከትንሽ ቦራክስ ጋር ከሰል ላይ አስቀመጡት፤ ከአሮጌ መኪና በተነቀለ ማራገቢያ አናፉበት። ከ800 ዲግሪ አለፍ ሲል የንግሥቲቱ ፊት መጀመሪያ ላብ ያላበው መሰለ፤ ቀጥሎ ወዘናዋ ጠፋ፤ ከዚያ ሁሉም ተሰብስቦ እንደ መስታወት የሚያበራ እንክብል ሆነ። አራሷ በመስኮት ታይ ነበር፤ መጋረጃውን መለሰች። ቅልጡ የሚፈስበት የብረት ቦይ ቀድሞ ተሙቆ መድረቅ አለበት። አንዲት የውሃ ጠብታ ቢኖርበት ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ቅልጡን ወደ ፊት ይረጨዋል። መነጽር ያስፈልጋል፤ የቆዳ ጫማ ያስፈልጋል። ናይለን ልብስ ፈጽሞ አይለበስም፤ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ነጠላ ደግሞ ትራፓኖ አጠገብ አይደርስም፤ የሚሽከረከረው ነገር ጫፉን ከያዘው አንገት ይዞ ነው የሚጎትተው። አጠገባችሁ የሚፈስ ውሃ ይኑር። የተቃጠለ ሰው ቦታውን ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያፍስበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቡና፣ ሊጥ፣ ቅቤ የምትቀቡ ሰዎች እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ ያንን ከቁስል ላይ ስጠርግ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።

ቀጥሎ ቅጥቀጣ ነው። ብር ሲቀጠቀጥ ይጠነክራል፤ ሲብስበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥቂት ከተመታ በኋላ እንደገና ይግላል፤ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ይለሰልሳል፤ እንደገና ይመታል። የሚያስፈልገው ግለት በርበሬ የመሰለ ደብዛዛ ቅላት ነው፤ ፀሐይ ካለ አይታይም። ጋሼ ዳሱን በማዳበሪያ ጆንያ ጋርደው ጥላ አደረጉት። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ጊርና ሞተር ሲያሞቁ በኖሩበት ዓይናቸው ነው ያወቁት።

በእያንዳንዱ ማጋል ብሩ ይጠቁራል፤ የመዳቡ ዝገት ነው። ብዙ ሰው ይህን ለማስለቀቅ የባትሪ አሲድ ይጠቀማል። እኔ አራስ ያለችበት ግቢ ውስጥ አሲድ በላስቲክ ጠርሙስ ማስቀመጥን አልፈቀድኩም። በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠ አሲድ ጠጥተው ጉሮሯቸው የተቃጠለ ልጆችን ያየ ሰው አይፈቅድም። የስምንት ሎሚ ጭማቂ በትንሽ የሸክላ ድስት ሞቅ አድርገን ብሩን ዘፈዘፍንበት። ከአሲድ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ከድስቱ የምታወጡት በእንጨት ማንኪያ ነው፤ በብረት ጉጠት ከነካችሁት ሎሚው የበላው መዳብ ተመልሶ ብሩ ላይ ይለጠፍና ቀይ ያደርገዋል። ያ ድስትና ያ ማንኪያ ወደ ማድ ቤት አይመለሱም። ደጋግሞ ማጋልና መዘፍዘፍ አንድ ሌላ ጥቅም አለው። ላይ ላዩ ካለው መዳብ ብዙው ተበልቶ ያልቅና ንጹሕ ብር ብቻ ይቀራል፤ ዕቃው ነጭ ወተት የመሰለ ቆዳ ያወጣል። የድሮ ብር ሠሪዎች ይህን ያውቁበት ነበር።

ቅርጹን በሴጌቶ ቆርጠው በሞረድ ካስተካከሉት በኋላ ያለው ሥራ ነው የእኔ ድርሻ የሆነው። ማለስለስ ይሉታል፤ ለእኔ ግን ቁስል እንዳይፈጠር መከላከል ነው። የብርጭቆ ወረቀት በቁጥር ነው የሚገዛው፤ ከ240 ጀምረን በ400፣ በ600፣ በ1000 አለፍን። ወረቀቱ ሁልጊዜ ውሃ ይነካል፤ ብናኙ እንዳይነሳ። በአንዱ ቁጥር ወደ ቁመቱ ካሻሻችሁ በሚቀጥለው ወደ ወርዱ ትሄዳላችሁ፤ የፊተኛው ጭረት እስኪጠፋ። የሞረዱን ብናኝ በጋዜጣ ላይ ሰበሰብነው (አዘጋጁ ይቅር ይበለኝ)። ብር ነውና አይጣልም፤ መጨረሻ ላይ አንድ ግራም ያህል ሆኖ ተመለሰ።

ጋሼ ጣታቸውን ዙሪያውን አስኬደው «አለቀ፣ ምንም አይሻክርም» አሉ። እኔ ጥጥ አወጣሁ። ቁራጭ ጥጥ ይዛችሁ ጠርዙን ሁሉ፣ በተለይ በክንፎቹ መካከል ያለውን ጉርብጥ ቀስ ብላችሁ አሻሹት። የተደበቀ እሾህ ካለ ጥጡ ክር ይተውበታል። በሦስት ቦታ ክር ተወ። «በእጄ እኮ አልተሰማኝም» አሉኝ። አርባ ዓመት ሞተር የፈታ እጅ ምን ይሰማዋል! ሦስቱን በቀጭን ሞረድ አጠፏቸው፤ ጥጡ አሁንም በአንዱ ላይ ያዘ፤ እንደገና። ጥጡ እንደገባ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አምስት ጊዜ ተመላለስን። ከዚያ የተወለወለ የብረት ዘንግ በሳሙና ውሃ እያራሱ እየተጫኑ አሹት፤ ይህ ብረቱን ሳይፍቅ ያበራዋል። በመጨረሻ በጠመኔ ዱቄትና በጨርቅ ወለወልነው።

ያለ መጠን ሲያበራ ቅርጹ ጠፋ። የድሮ መስቀል ውበቱ ጉድጓዱ ጠቁሮ ከፍታው ሲያበራ ነው። ለዚህ የሚሸጥ መድኃኒት አለ፤ እኛ ግን እንቁላል ቀቀልን። የተቀቀለውን ከፍለን ከነትኩሱ ከመስቀሉ ጋር፣ ሳይነካካ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ አዳርነው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ድኝ ብሩን መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር አደረገው። ላይ ላዩን በጠመኔ ስናሸው ጥቁሩ ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። አራሷ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ በእጇ የያዘችው። ረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችውና «በወርቅ ቢቀባስ?» አለች። በድሮው መንገድ ወርቅ የሚቀባው ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ፣ ሜርኩሪው በእሳት እየተነነ ነው። በእኛ ግቢ አይሆንም አልኩ፤ ጋሼም ተስማሙ። መስቀሉ 9 ግራም መዘነ።

የቀረው ነገር ከሁሉ የከበደ ነበር። ሰማንያው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ለጋሼ መስቀሉ ሕፃኗ አንገት ላይ ማደር እንደሌለበት ነገርኳቸው። ካህኑ የሚያስሩላት ቀጭን የጥጥ ማተብ ሌላ ነው። ጠንካራ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ግን በአልጋ ላይ ከአንድ ነገር ጋር ከተያዘ አንገት ያንቃል፤ አንገቷን ገና ያላጸናች ልጅ ራሷን ማስለቀቅ አትችልም። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ጋሼ ተናደዱ፤ «እኔ ለሳጥን አልሠራሁትም!» አሉ። ልጃቸውን ያሸነፉበት ቃል ነውና ትክክል ናቸው። እኔም መልስ አልነበረኝም።

መልሱን የሰጠችው አራሷ ናት። «እሷ ሦስት ዓመት እስኪሞላት እኔ አደርገዋለሁ» አለች። ያቺ የእማማን ብር አታጥፋብኝ ያለችው። በሰማንያው ቀን ከቤተ ክርስቲያን እስክንመለስ በእቅፌ ሆና ደረቷ ላይ አረፈ፤ እኔ በእጄ ይዤው ነበር። ቤት ስንገባ ወደ እናቷ አንገት ተሻገረ።

አሁን ሕፃኗ ስድስት ወሯን ይዛለች፤ ድዷ ያሳክካታል። ስትጠባ በግራ እጇ የእናቷን ማተብ ትጎትትና መስቀሉን አፏ ውስጥ ትከተዋለች። ጫፉን ታኝከዋለች፤ ትለቀዋለች፤ እንደገና ትይዘዋለች። ጋሼ ይህን ባዩ ቁጥር ወደ እኔ ዞረው ያዩኛል፤ እኔም ጥጡንና የሬዲዮ ሽቦውን አስባለሁ፤ ምንም አንባባልም።

ከጠገራው 17 ግራም ያህል ተርፏል። በጨርቅ ተቋጥሮ ከመስፉ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ትንሿ ልጃቸው ደግሞ በዚህ ዓመት ልታገባ ነው፤ የጆሮ ጌጥ ትፈልጋለች። የጆሮ ብስ የራሱ ጣጣ አለውና እሱን ሌላ ሳምንት እንጫወተዋለን። ቸር እንሰንብት።